ሎሚ ያልሆነው ሸክም

መቐለ ገበያ የሚቀርበውን ጋንፉር የሚባለውን የጨው ቁራጭ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ሁሉም አንድ ልክ ናቸው። አንዱን አንስቼ ሳገላብጠው በአራቱም ጎኑ የመጥረቢያ ምልክት አለው። ሰው ተቀምጦ ጠርቦታል። ጨው ግን መጠረብ አያስፈልገውም። ወጥ ውስጥ የሚገባው ተፈጭቶ ነው፤ ከብትም ቢልሰው ቅርጹ ግድ አይሰጠውም። ታዲያ ጨዉ በሚወጣበት በአፋር ሐሩር፣ ውሃ እንኳ በግመል ተጭኖ በሚወርድበት ቦታ፣ ማነው ይህን ሁሉ ጉልበት ለቅርጽ የሚያወጣው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሥራዬ የጭነት ስሌት ሆኖ ሳለ ግን ለረጅም ጊዜ ልክ የሆነ መልስ አልነበረኝም። «ለማስተካከል ነው» ብዬ አልፌው ነበር። እየተመላለሰ ሲነዘንዘኝ የነበረውን ጥያቄ የፈታልኝ ከአፋር እጅግ የራቀ ነገር ነው፤ ኒው ጊኒ ተራሮች መሃል በአውሮፕላን የገባ አንድ የብረት ዘንግ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨው የግመል ልክ ሲለብስ

መጀመሪያ ጨዉን እንጨርስ። አሳሌ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ የወረደ የአፋር ጨው ሜዳ ነው። ፎኮሎ የሚባሉት ሠራተኞች የጨዉን ንጣፍ በመጥረቢያ ይሰነጥቁና በረጅም እንጨት ፈልቅቀው ያነሡታል። ከዚያ ሃደሊ የሚባሉት ጠራቢዎች ይረከባሉ። አንዱ ጋንፉር 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ግመል 30 ያህል ይጫናል፤ 15 በቀኝ፣ 15 በግራ። በድምሩ ከአንድ ኩንታል ይበልጣል።

ምስጢሩ «15 በቀኝ፣ 15 በግራ» የሚለው ላይ ነው። የግመል ጭነት አንድ ወገን ካመዘነ ኮርቻው ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተ ኮርቻ ጀርባ ይልጣል፤ የተላጠ ጀርባ ያለው ግመል ደግሞ ለሳምንታት ሥራ ፈት ነው። በዚያ በረሃ ጭነት ማዛነፍ ማለት ግመል ማጣት ማለት ነው። እንደ ወጣ የተቆረጠ ጨው ቢሆን በየግመሉ ሚዛን መስቀል ያስፈልግ ነበር። አንድ ልክ ሆኖ ሲጠረብ ግን ቆጠራው ራሱ ሚዛን ይሆናል። ጠፍጣፋ ስለሆነ አይንከባለልም፣ ሹል ጫፍ ስለሌለው ጎን አይወጋም፣ በገመድ ሲጠፈር ሳይላላ እርስ በርሱ ይያያዛል። ግብር የሚቀበለውም፣ ገዢውም፣ ነጋዴውም ቆጥረው ይለያያሉ። አሞሌ ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ መቆየቱም ያለዚህ አይታሰብም።

ሌላው ያስደነቀኝ ነገር አርሆዎቹ፣ ማለትም የጨው ነጋዴዎቹ፣ ሲወርዱ የሚጭኑት ነው። ግመሎቹ ባዶ አይወርዱም፤ ድርቆሽ ይዘው ይወርዳሉ። ከድርቆሹም ከፊሉን በየማደሪያው እያስቀመጡ ያልፋሉ፤ ሲመለሱ፣ ጀርባው በጨው ሲሞላ፣ የግመሉ ምግብ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። የመመለሻ ነዳጅን በመሄጃ ማራገፍ ማለት ነው። ይህን ጥበብ በኋላ እንፈልገዋለን።

እንግዲህ ጠራቢው የሚጠርበው ለጨዉ ሲል ሳይሆን ለግመሉ ሲል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ጨው ሎሚ ነው። የፈለግኸውን ያህል ትከፋፍለዋለህ፤ ከፋፍለህም በመንገዱና በተሸካሚው ልክ ትሰፋዋለህ። እዚህ ላይ ደርሼ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ያላለቀው በዘንጉ ምክንያት ነው።

ሠላሳ ኩንታል፣ አንድ ቁራጭ

ቡሎሎ በዛሬዋ ፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚገኝ ሸለቆ ነው። በ1920ዎቹ እዚያና ዋው በተባለው ጎረቤቱ አካባቢ ወንዞቹ ከወርቅ ጋር በተቀላቀለ ጠጠር ላይ እንደተኙ ታወቀ። ከባሕር ጠረፉ ብዙ አይርቅም። ላኤ የምትባለው የባሕር ጠረፍ ከተማ ላይ ቆሞ ቀጥታ መስመር ቢሰመር መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። መሃሉ ግን ገደል፣ ጫካና ዝናብ ነው። ከሳላማዋ ወደብ ተነሥቶ በእግር የሚሄድ ተሸካሚ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል።

የተሸካሚን ስሌት በጣት እንቁጠረው። አንድ ሰው በዚያ ዳገት 20 ኪሎ ይሸከም። ለመሄጃና ለመመለሻ 15 ቀን ቢፈጅበት፣ በቀንም 700 ግራም ሩዝ ብቻ ቢበላ፣ ለራሱ ስንቅ ከ10 ኪሎ በላይ ያስፈልገዋል። ከተሸከመው ግማሹ የራሱ ሆድ ነው። ማዕድን ማውጫው ደጃፍ የሚደርሰው የቀረው ግማሽ ነው። መንገዱ በእጥፍ ቢረዝም ምንም አይደርስም፤ ተሸካሚው ሸክሙን በልቶ ይጨርሰዋል። (ተሸካሚዎቹ በምን ሁኔታ ይሠሩ እንደነበር ራሱን የቻለ መራራ ታሪክ ነው። እዚህ ሒሳቡን ብቻ ነው ያነሣሁት።)

በ1927 የመጀመሪያዋ ትንሽ አውሮፕላን ከላኤ ተነሥታ ዋው አረፈች። የሳምንቱ መንገድ ከአንድ ሰዓት በታች ሆነ። ለተወሰነ ጊዜ ሩዝ፣ ቆርቆሮ፣ መሣሪያና ሰው ማመላለስ በቃ። ሁሉም ሎሚ ነበር።

ከዚያ ወርቁን የሚያወጣው ኩባንያ ድሬጀር ፈለገ። ድሬጀር በራሱ ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ ፋብሪካ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊት ለፊቱ በሰንሰለት የተያያዙ የብረት ባልዲዎች ጠጠሩን ከታች እየዛቁ ያወጣሉ፤ ሆዱ ውስጥ በሚሽከረከር ወንፊት ይታጠባል፤ ወርቁ ከባድ ስለሆነ ሥር ይቀራል፤ ጠጠሩ በኋላ በኩል ይደፋል። ፊቱን እየቆፈረ ጀርባውን ስለሚሞላ ኩሬውም አብሮት ይሄዳል። የአንዱ ክብደት ከሺህ ቶን ያልፋል። ይህን ነው እንግዲህ መንገድ የሌለው ሸለቆ ውስጥ እናስገባለን ያሉት።

ሺህ ቶን መስማት ያስደነግጣል፤ የጭነት ሰው ግን ገና አይደነግጥም። አብዛኛው የድሬጀር አካል ሎሚ ነው። ቀፎው የብረት ሉህ ነው፤ ትቆርጠዋለህ፣ እዚያ ትበየደዋለህ ወይም በብሎን ታስረዋለህ። ባልዲው አንድ በአንድ ይጫናል። ምሰሶው ይቆራረጣል። ሺህ ቶን ማለት በ3 ቶን አውሮፕላን ከ300 በላይ ምልልስ ነው፤ አድካሚ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም።

የማይቆረጠው ዘንጉ ነው። የባልዲዎቹን ሰንሰለት ከላይ ሆኖ የሚያዞረው ከባድ መዘውር የሚሽከረከርበት ዘንግ ከአንድ ብረት ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። የሰንሰለቱ፣ የባልዲዎቹና የጠጠሩ ክብደት በሙሉ እሱ ላይ ይንጠለጠላል፤ በዚያ ላይ ይጠመዘዛል። ለሁለት ከፍለህ በብሎን ብታያይዘው መጋጠሚያው በየዙሩ ይላወሳል፤ የሚላወስ ብረት ደግሞ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት ያልፋል፤ ሠላሳ ኩንታል፣ አንድ ቁራጭ። ለ20 ኪሎ ተሸካሚ ብናካፍለው 150 ሰው ያህል ይወጣዋል። ግን በምን ያካፍሉታል?

የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሺው ቶን ምንም አልወሰነም። የወሰነው ያ አንድ ቁራጭ ነው። የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የሜዳው ርዝመት፣ የክሬኑ አቅም፣ የበሩ ስፋት፣ ሁሉም የተሰፉት በዘንጉ ልክ ነው። አሳሌ ላይ ሰው ጨዉን በግመሉ ልክ ይጠርባል፤ ቡሎሎ ላይ ግን ዘንጉ አልጠረብም ስላለ ግመሉን መጥረብ ግድ ሆነ።

የተጠረበው ግመል ዩንከርስ ጂ-31 ነበር። ሦስት ሞተር ያለው፣ ቆዳው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸበሸበ የጀርመን አውሮፕላን ነው። በ1931 ሥራ ሲጀምር ጣሪያው ላይ ትልቅ መክፈቻ ተሠርቶለት ነበር። ረጅምና ከባድ ብረት በጎን በር ሲገባ መዞር ይፈልጋል፤ ሲዞርም ግድግዳ ይቀድዳል። ከላይ በክሬን ሲወርድ ግን በቀጥታ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ያርፋል።

የሚፈለግበት ቦታ ደግሞ እንደ ልብ የሚመረጥ አይደለም። ሠላሳ ኩንታል ወደ ኋላ አንድ ክንድ ቢያፈነግጥ ጅራቱ ይከብዳል፤ አውሮፕላኑ ሲነሣ አፍንጫውን ሽቅብ ይዞ ኃይል ያጣና ይወድቃል። ወለሉም ሌላ ጣጣ ነው። ጠቅላላ ክብደቱን የሚችል ወለል በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ያረፈን ክብደት ላይችል ይችላል። እንዲህ ያለ ጭነት ሥሩ ወፍራም እንጨት ተነጥፎ ክብደቱ ለብዙ የወለል አጥንት ይከፋፈላል፤ ክቡ ብረት እንዳይንከባለል ግራና ቀኝ ታኮ ይገባለታል፤ ማሰሪያው ደግሞ ከምንም በላይ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ተደርጎ ይጠበቃል። መኪና ላይ የላላ ጭነት ቆሞ ይታሰራል፤ አየር ላይ መቆም የለም።

ነዳጅስ? በረራው አጭር ስለነበር ታንከሩን መሙላት አላስፈለገም። በነዳጅ ፋንታ ብረት ተጫነ። አየሩም በጠዋት ጥርት ብሎ ውሎ ሲገፋ ደመናው የተራሮቹን በር ስለሚዘጋ ሥራው በማለዳ ነው። ሌላው እስከ ዛሬ የማደንቀው ውሳኔ ደግሞ ድሬጀሮቹ ናፍጣ እንዳይጠጡ መደረጋቸው ነው። የሚሠሩት በመብራት ነበር፤ መብራቱም እዚያው ከተገነባ የውሃ ኃይል ማመንጫ ይመጣል። የማመንጫው ዕቃም በዚያው አውሮፕላን ገብቷል። አንዴ ከባድ ዕቃ አስገብተህ በየቀኑ ነዳጅ ከማስገባት መገላገል፤ የአርሆዎቹ የድርቆሽ ጥበብ ታላቅ ወንድም ነው።

የመጀመሪያው ድሬጀር በመጋቢት 1932 ሥራ ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስምንት ደረሱ። ሁሉም በአየር የገቡ ናቸው።

የሚፈጨውና የሚንጠለጠለው

ወደ ውስጥ የሚገባው ማሽን ከባድ ችግር ከሆነ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ማዕድን ብዙ ጊዜ የዋህ ነው። ድንጋይ ነው፤ ትሰብረዋለህ። በስዊድን ክሪስቲንቤሪና ቦሊደን መካከል በ1943 የተጠናቀቀው የማዕድን ቴሌፈሪካ፣ ማለትም ጭነት በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድበት መስመር፣ 96 ኪሎ ሜትር ነበር። ዘመኑ የጦርነት ነውና ጎማና ነዳጅ ጠፍቶ፣ ማዕድኑ በባልዲ ተንጠልጥሎ ከጫካው በላይ ይጓዝ ጀመር፤ ከ40 ዓመት በላይም ሠራ። ጋቦን ውስጥ ከሞአንዳ የሚወጣው ማንጋኒዝ ከ1962 እስከ 1986 እንዲሁ በ76 ኪሎ ሜትር ገመድ ወደ ኮንጎ ይሻገር ነበር። የአሥመራና የምጽዋን ቴሌፈሪካ የሰማ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም፤ ያኛው 71.8 ኪሎ ሜትር ሆኖ በ1937 ተዘርግቷል። የገመድ ድክመቱ አንድ ነው። መኪና ሲበላሽ አንድ መኪና ይቆማል፤ ገመድ ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ረጅም ቴሌፈሪካ በየመሃሉ ጣቢያ እየተሠራለት ይከፋፈላል።

ማከፋፈልን እስከ መጨረሻው የወሰደው ግን ቧንቧ ነው። የብረት ማዕድኑን እንደ ዱቄት ፈጭተህ በውሃ ትበጠብጠዋለህ፤ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ማዕድን የሆነ አጥሚት ይወጣዋል፤ በፓምፕ ትገፋዋለህ። ታዝማንያ ውስጥ በሳቬጅ ሪቨር በ1967 በ85 ኪሎ ሜትር የተጀመረው አሠራር ብራዚል ላይ በሚናስ ሪዮ 529 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ፍጥነቱ ግን ጠባብ መንገድ ነው። ከዘገየ ዱቄቱ ይዘቅጣል፤ ከፈጠነ እንደ ሞረድ ቧንቧውን ይበላል። ተዳፋቱም ይለካል። ፓምፑ ድንገት ቢቆም ቁልቁለት ላይ ያለው አተላ ተንሸራቶ ዝቅ ያለው ቦታ ይከማችና እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። ስለዚህ ቧንቧው ዳገትና ቁልቁለቱን በቀጥታ አይወጣም አይወርድም፤ እየተጠማዘዘ ነው የሚያልፈው።

ሚናስ ሪዮ በመጋቢት 2018 በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አፈሰሰ፤ ሥራው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆመ። ምርመራው የደረሰበት ነገር ፈገግ ያሰኘኛል፤ ስንጥቁ የተጀመረው ቧንቧዎቹ ገና ወደ ተከላው ቦታ ሲጓጓዙ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር። ማዕድን ሊያጓጉዝ የመጣው ዕቃ ራሱ በጉዞ ተጎድቶ ደረሰ ማለት ነው።

ከብርድ የተበደሩት መንገድ

ሰሜን ካናዳ ላይ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። ከየሎናይፍ ከተማ በስተ ሰሜን ያሉት የአልማዝ ማዕድን ማውጫዎች በጋ ላይ በሐይቅና በረግረግ የተከበቡ ደሴቶች ናቸው፤ በክረምት ሐይቆቹ ሲረጉ መንገድ ይሆናሉ። ቲቢት–ኮንትዎይቶ የሚባለው ይህ መንገድ ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል። አብዛኛው የሚያልፈው በሐይቅ ላይ ነው። ዕድሜው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። በ2007 በዚያች አጭር ጊዜ ከ10,000 በላይ ጭነት አልፎበታል። የጭነቱ ትልቅ ድርሻ ናፍጣ ነው።

አሠራሩ በመጥረግ ይጀምራል። በረዶው ላይ የተከመረው አመዳይ ጋቢ ነው፤ ብርዱን ይከላከልለታል። ጋቢው ሲገፈፍ ብርዱ ቀጥታ ይነክሰዋል፤ ይወፍራል። መጀመሪያ የሚገቡት ቀላል፣ ውሃ ላይም የሚንሳፈፉ ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ ራዳር እየጎተቱ ውፍረት ይለካሉ። የሳሳበት ቦታ ውሃ እየተረጨ ይደረባል። 70 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ቀላል ጭነት ይፈቀዳል፤ ሙሉ ጭነት የያዘ ባለ ሁለት ተሳቢ ከአንድ ሜትር በላይ ይጠብቃል። የበረዶ ጥንካሬ በውፍረቱ ልክ አይጨምርም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚችለው ክብደት አራት እጥፍ ይሆናል። ሲሳሳም እንደዚያው ነው፤ ትንሽ ስስነት ብዙ ቶን ይቀንሳል።

ሰው የማይገምተው መኪና የሚሰምጥበት ምክንያት ክብደት ብቻ አለመሆኑን ነው። መኪናው በረዶውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ሥሩ ያለው ውሃ ማዕበል ሆኖ አብሮት ይሄዳል። የመኪናው ፍጥነትና የማዕበሉ ፍጥነት ሲገጥሙ ማዕበሉ እየጎለበተ በረዶውን ከሥር ይሰብረዋል። ዳርቻ አካባቢ ውሃው ስለሚጎድል ማዕበሉ መሄጃ ያጣል፤ አደጋው እዚያ ይብሳል። ስለዚህ የተጫነ መኪና በሐይቅ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ነው ገደቡ፤ ወደ ዳር ሲቃረብ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። መኪኖች ተራርቀው ይለቀቃሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ሹፌሮቹ ባያውቁትም የሚኖሩት እሱን ነው።

የተበደሩት መንገድ ግን ባለቤቱ ሲፈልግ ይወስደዋል። በ2006 ክረምቱ ሞቀ፤ መንገዱ ሳይጠበቅ ተዘጋ፤ ብዙ ጭነት ደቡብ ቀረ። ያኔ የሆነውን ሳይ ወደ ዘንጉ ተመለስኩ። ናፍጣውና ሲሚንቶው በአውሮፕላን ይመላለስ ጀመር፤ ዋጋው ያማል እንጂ ሎሚ ነውና ይሆናል። ተከፋፍሎ አውሮፕላን ውስጥ የማይገባው ትልቁ የማሽን አካልስ? ለእሱ 20 ቶን የሚያነሣው የሩሲያ ሄሊኮፕተር፣ ሚ-26፣ ባሕር ተሻግሮ መጣ። የዓለምን ትልቁን ሄሊኮፕተር ያስጠራው የቀረው ጭነት ብዛት ሳይሆን ያልተቆረጠው ጥቂቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሩቅ ማዕድን ማውጫ የዕቃ ዝርዝር እጄ ሲገባ ከጠቅላላ ቶኑ አልጀምርም። በክብደት ከላይ ወደ ታች አስደረድረዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ይዤ ለመሐንዲሱ «ይህ ለሁለት ይከፈላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አይከፈልም» ካለ፣ መንገዱን የሚመርጠው ያ ዕቃ ነው። የወፍጮው ከበሮ፣ የትራንስፎርመሩ እምብርት፣ የትልቁ ኤክስካቫተር አካል፣ ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው። አምስት ሺህ ቶን ሲሚንቶ እንቅልፍ አይነሣኝም።

የወጣውና የቀረው

አሳሌ ላይ አስፋልት ከቀረበ ወዲህ የጭነት መኪና የግመሉን ሥራ እየወሰደ ነው። መኪና ኮርቻ የለውም፤ ጀርባው አይላጥም። በ1918 አካባቢ ጣሊያኖች ለዳሎል ፖታሽ ከመርሳ ፋጥማ የዘረጉት ሐዲድ ግመሉን ሳይተካ ጠፍቶ ነበር፤ አስፋልቱ ግን የሚጠፋ አይመስልም። ጠራቢው መጥረቢያውን እስከ መቼ እንደሚያነሣ እንጃ።

የቡሎሎዎቹ ጂ-31 አራት ነበሩ። በጥር 21 ቀን 1942 የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች መጥተው ሦስቱን ቡሎሎ ሜዳ ላይ እንደቆሙ አቃጠሏቸው። ድሬጀሮቹ ከጦርነቱ በኋላ ተነሥተው እስከ 1965 ጠጠር አጠቡ። ወርቁን ማውጣት ጭንቀት ሆኖ አያውቅም፤ አንድ ጂ-31 ሁለት ቶን ተኩል ወርቅ ቢጭን ከ80,000 ወቄት በላይ ይዞ ይነሣል። የአንዳንዶቹ ድሬጀሮች ቅሪት ግን ራሳቸው በደፉት የጠጠር ክምር መሃል ዝጎ ተቀምጧል። ሉሁን ቆርጦ የወሰደ ሊኖር ይችላል። ዘንጉን የሚቆርጥ የለም።